ከዳማው የምትፈጥን መኪና

ባለፈው ማክሰኞ ዳንግላ፣ አንድ ጭማቂ ቤት ተቀምጬ አቮካዶዬን ስጠብቅ መፍጫ ማሽኑ አንዴ ጮኸና ጸጥ አለ። ወዲያው ሽታው መጣ። ዲናሞ ሲቃጠል የሚሸተውን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት አይቻልም፤ የመዳቡን ሽቦ የሸፈነው ቅብ ሲነድ ነው፤ መጀመሪያ ጣፈጥ ይላል፣ ቀጥሎ ጉሮሮ ይይዛል። አስተናጋጇ እያፈረች መጥታ «ይቅርታ አባቴ፣ ማሽኑ ተበላሽቷል፤ ሻይ ላምጣልዎት?» አለችኝ። እሺ አልኋት። ሻዩ መጣ፣ ቀዘቀዘ፤ ልቤ ግን ሌላ ቦታ ነበር። ሰው የሞቱበትን በፎቶግራፍ ያስታውሳል፣ በዘፈን ያስታውሳል። እኔ የእህቴን ባል ጋሽ ፈንታን የማስታውሳቸው በተቃጠለ ዲናሞ ሽታ ነው። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ይህን ቢሰሙ «አንተ መቼም ሰው አትሆንም» ይሉኝ ነበር።

ዓመቱን አልቆጥረውም። ሃያ ሊሞላው ትንሽ ይቀረዋል መሰለኝ። ሻይ በሃምሳ ሳንቲም የሚጠጣበት፣ ሚኒባስ ከዳንግላ እንጅባራ በስምንት ብር የሚያደርስበት፣ ሞባይል ያለው ሰው ካርዱን በጥፍሩ እየፋቀ የሚሞላበት፣ ኔትወርክ ፍለጋም ጉብታ ላይ የሚወጣበት ጊዜ ነበር። ባጃጅ ወደ ከተማችን መግባቷ ገና ነው፤ የከተማው ታክሲ ጋሪ ነበር። ሱቄ ከመናኸሪያው ወደ ገበያው ሲታጠፉ ጥጉ ላይ፣ የከድርን የጨርቅ ሱቅ ተደግፋ የቆመች አንዲት ክፍል ነበረች። ከድር የዚያው የዳንግላ ልጅ ነው፤ አባቱም አያቱም እዚያው ጥግ አቡጀዲ ሲለኩ የኖሩ ናቸው። እኔ ደግሞ ሬዲዮ፣ ቴፕ፣ ካውያ፣ የመጣልኝን ሁሉ እጠግናለሁ። ፊት ለፊታችን ካሴት ቤት ነበር። ጠዋት ማሲንቆ ይከፍታል፣ ከሰዓት የፍቅር ዘፈን። ባለቤቱ ከሚስቱ ጋር ሲጣላ አንዷን የመለያየት ዘፈን ቀኑን ሙሉ እየመለሰ ያስጮኻታል፤ እኔና ከድር የቤቱን ሰላም የምናውቀው በዚያ ነበር። ዛሬ እዚያ ቦታ የሞባይል ሽፋን ይሸጣል። የተበላሸ ነገር ይጠገናል ብሎ የሚያምን ሰው አልቋል፤ ይጥሉታል፣ ሌላ ይገዛሉ። ኧረ ወዲያ! በዚህ ከጀመርሁ አላባራም።

ሪሞት መኪናዋ እጄ የገባችው ከመንገድ ሥራ ካምፑ ነው። አስፋልቱ አልቆ ሠራተኛው ሲበተን፣ ሬዲዮና ጄኔሬተር እየጠገንሁለት የተወዳጀሁት አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ነበርና፣ ሻንጣው ሞልቶበት ኖሮ፣ መኪናዋን ከነካርቶኗ አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠልኝ። የልጅ መጫወቻ እንዳትመስላችሁ። ክንድ የምታህል፣ በባትሪ የምትሄድ፣ ለፍጥነት ተብላ የተሠራች ዕቃ ነበረች። ሪሞቷ እንደ ጠመንጃ ምላጭ አለው፤ ምላጩን በሳቡት መጠን ትፈጥናለች፣ በጎኑ ያለችውን ትንሽ ክብ ሲያዞሩ ትታጠፋለች። ልቤን የሰረቀው ግን አብራት የመጣችው ትንሽ ሳጥን ናት። በዲናሞው ጫፍ ላይ የሚሰኩ፣ እኛ ባጭሩ ጥርስ የምንላቸው ትንንሽ ባለ ጥርስ የብረት መዘውሮች ተደርድረውባታል፤ ባለ አሥራ አምስት ጥርስ፣ ባለ አሥራ ስድስት እያለ እስከ ሃያ ሦስት። ነገሩ እንደ ብስክሌት ነው። ዲናሞው ላይ የሚገባው ትልቅ ሲሆን መኪናዋ በአንድ ዙር ብዙ ትሄዳለች፣ ትፈጥናለች፤ ዲናሞው ግን ይከብደዋል፣ ይግላል። ትንሽ ሲሆን ዲናሞው ይቀለዋል፣ እየጮኸ ይሽከረከራል፣ መኪናዋ ግን ወደፊት አትልም። የሚስማማትን ማግኘት ነው ሥራው፤ እኔም እንዲህ ያለ ሥራ ሲሰጡኝ ምሳ እረሳለሁ።

ጋሽ ፈንታ እንጅባራ አጠገብ ካለው ዘንገና ሐይቅ ዳር ገብስና ድንች የሚያመርቱ ገበሬ ነበሩ። ገበሬ ናቸው ብዬ ብቻ ብተው ግን ከመቃብር ተነሥተው ይወቅሱኛል። ፈረሰኛ ነበሩ። ካኪ ኮታቸውን ለብሰው፣ ከታች ጠበብ ያለ የግልቢያ ሱሪያቸውን ታጥቀው፣ ከከድር ሱቅ የገዙትን አረንጓዴ ባርኔጣ ወደ አንድ ዐይናቸው ደፋ አድርገው፣ ዳማ ፈረሳቸው ላይ ሲወጡ ያየ ሰው ስማቸውን ሳይጠይቅ አያልፍም። ሠርግ ቢሆን፣ ለቅሶ ቢሆን፣ የፈረሰኞች በዓል ቢሆን፣ ከእንጅባራ እስከ ጥርባ ዳማው ያልደረሰበት ሜዳ አልነበረም። ታዲያ አንድ ቀን ለቅሶ ደርሰው ሲመለሱ የዳማው እግር ሣር የሸፈነው ጉድጓድ ውስጥ ገባ። ፈረሱ ተነሣ፤ እሳቸው አልተነሡም። ዳሌያቸው ነበር የተሰበረው። ወጌሻ ጎተተው፣ ሐኪም ቤትም ተኙ፤ መጨረሻው ምርኩዝ ሆነ። ኮርቻ ላይ መውጣት እንደማይሆንላቸው ያወቁ ዕለት የቤቱን ሰው ሁሉ ሰብስበው «እኔ የወረድሁበት ፈረስ ላይ፣ እኔ በሕይወት ሳለሁ ማንም አይወጣም» አሉ። አለቀ። እሳቸው ያሉት ነገር ሁለተኛ አይነሣም።

ዳማው ከቀርከሃው አጥር ሥር ታሰረ። ዓመት አለፈው። ሆዱ ተነፋ፣ ኮቴው ያለ ልክ አደገ፣ ፀጉሩ ደበዘዘ። እሳቸውም ከዚያው አጥር ወዲህ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ጀርባቸውን ወደ በር አዙረው ይውላሉ። ሁለቱም ታስረው ነበር ማለት ይቀላል። እህቴ ብርቄ «ለአዲስ ቅዳሙ የከሰል ነጋዴ እንሽጠው፤ ጋሪ ይጎትትለት፤ ቆሞ ከሚበሰብስ ይሻላል» ብትላቸው ሦስት ቀን አላናገሯትም። ሣር እያጨደች የምታበላው፣ ቁስሉን የምታጥበው የሻረግ ብቻ ነበረች። የሻረግ የእነሱ ልጅ፣ የኔ የእህት ልጅ፣ ያኔ ሃያ አራት ዓመቷ ነበር፤ ተድራ ሄዳ፣ ባሏ ሌላ ሴት አምጥቶባት፣ ልብሷን በአንድ ፌስታል ይዛ የተመለሰች። ጠዋትና ማታ ዳማው አንገት ላይ ተደግፋ ስታወራው አይቻታለሁ። አንድ ጊዜ «አባዬ፣ ላፍታታው» ብትላቸው በምርኩዛቸው መሬቱን መቱ።

እኔ መኪናዋን የወሰድሁላቸው እንዲሁ እንዲስቁ ብዬ ነው። «ምንድን ነው ይኼ? ሽማግሌ ላይ ልታላግጥ ነው?» አሉኝ። ሪሞቱን እጃቸው ላይ አስቀመጥሁና ምላጩን አሳየኋቸው። ሳቡት። መኪናዋ ግቢውን ሰንጥቃ ስትፈተለክ ዶሮዎቹ እየጮኹ አጥር ላይ ወጡ፤ ጋሽ ፈንታም ከት ብለው ሳቁ። እህቴ ከጓዳ ወጥታ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች። ያን ሳቅ ዓመት ሙሉ አልሰማችውም። ከዚያ ቀን ወዲያ እሑድ በመጣ ቁጥር መኪናዋን በማዳበሪያ ከረጢት አንጠልጥዬ እንጅባራ በሚኒባስ መመላለስ ሥራዬ ሆነ።

ወዲያው ጥያቄ መጣ። «በስንት ትሮጣለች?» አሉኝ። «ሰው አይደርስባትም» አልኋቸው። «ከሰው ጋር ማን አወዳደራት?» አሉና ወደ ቀርከሃው አጥር በዐይናቸው ጠቀስ አደረጉ። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። እግዜር ይቅር ይበላቸው፣ በዳማው ላይ ቂም ይዘው ነበር። እሱ ተነሥቶ እሳቸውን መሬት ላይ ጥሎ መቆሙን ይቅር አላሉትም። ከእሱ የምትፈጥን ነገር በእጃቸው ለማየት ጓጉ።

እናም ከድርን ጨምረን መንገድ ወጣን። ከዘንገና መገንጠያ አጠገብ ያለው ቀጥ ያለ አስፋልት አዲስ ስለነበር እንደ ምጣድ ለስላሳ ነበር፤ ዛሬ በዚያ ሳልፍ ጉድጓዱ አንጀቴን ነው የሚያናውጠው። ርቀቱን በመብራት ምሰሶ እንለካለን፣ ከድር ሰዓቱን ይዞ ከምሰሶ ምሰሶ ይቆጥራል። ጥርሶቹን አንድ በአንድ እየቀያየርሁ እሞክራለሁ። ትንሹን ጥርስ ጎማዎቹን ከሚያዞረው ከትልቁ ጥርስ ጋር ሳገናኝ በመሀላቸው ከደብተር የተቀደደች ስስ ወረቀት አስገብቼ እጠብቃለሁ፤ ወረቀቷ ስትወጣ የምትተወው ክፍተት ነው ልኩ፤ ከዚያ ከጠበቀ ይፋጫል፣ ከላላ ይሸራረፋል። ጎማዎቹ በፍጥነት ብዛት እንዳይነፉ ከውስጥ በፕላስተር አሰርኋቸው። አፍንጫዋ ነፋስ ገብቶባት እንዳትነሣም የእርሳስ ብረት አቅልጬ ለጠፍሁባት። የእንጅባራ ጠዋት ብርድ ባትሪ ይገድላል፤ ስለዚህ ጋሽ ፈንታ ባትሪውን ከብብታቸው ሥር በጋቢያቸው ሸፍነው ያሞቁታል። «ዕንቁላል የታቀፈች ዶሮ መሰሉ» ይላቸዋል ከድር። «አንተ ዝም ብለህ አቡጀዲህን ለካ!» ይሉታል።

ዲናሞውን መከታተል ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው ብል ማን ያምነኛል? «ፈረስ ሮጦ ሲመጣ መጀመሪያ ደረቱን ነው በእጅህ የምትዳስሰው። ካቃጠለህ ጠግበህ አትጋልበውም» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ መኪናዋ ሮጣ በተመለሰች ቁጥር ጣታቸውን ዲናሞው ላይ ያሳርፋሉ፤ አምስት እስኪቆጥሩ ከቻሉ ደኅና ነው፣ ካልቻሉ አንድ ጥርስ ቀንስ ማለት ነው። በአሥራ ስምንት ጥሩ ሄደች። በሃያ በረረች፣ ጣትም ለትንሽ ቻለ። እኔ ግን ሳጥኑ ውስጥ ሃያ ሦስት እያለ በሃያ መርጋት አቃተኝ። «ተው፣ አትጫንባት» አሉኝ። «እኔ ነኝ የማውቀው ጋሼ» አልኋቸው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ሦስተኛውን ምሰሶ ሳታልፍ ከሥሯ ጭስ ወጣ፤ ያ ሽታ መጣ። ጋሽ ፈንታ በምርኩዛቸው ተጎትተው ደርሰው፣ ከአስፋልቱ ላይ አንሥተው ደረታቸው ላይ አቀፏት። ደግነቱ ካርቶኑ ውስጥ መለዋወጫ ዲናሞ ነበር። ያን ከሃያዋ ጥርስ ጋር ከገጠምሁ በኋላ ሃያዋን ከቦታዋ አንሥቼ አላውቅም፤ አንድ ጊዜ ብቻ ነካሁ፤ እሱንም ልናዘዝ ነው።

አንድ እሑድ ከመንገድ ተመልሰን ድንች ስንበላ ጋሽ ፈንታ ስለ መኪናዋ ፍጥነት ሲያወሩ የሻረግ ጣልቃ ገባች።

«አባዬ፣ ፈጠነች ፈጠነች ትላላችሁ፤ ዳማውን ግን አትቀድመውም።»

«ማን ነገረሽ?»

«ዐይኔ።»

«ዐይንሽ የሚያየው ሆዱ የተነፋ ከብት ነው። ትቀድመዋለች።»

«እንግዲያው ይሞከር። እኔ እጋልበዋለሁ።»

እህቴ ሳህኑን እንደያዘች ቀረች። ጋሽ ፈንታ ልጃቸውን አዩ አዩና «እሺ» አሉ፤ ሁላችንም ደነገጥን። «መኪናዋ ከቀደመች ዳማው ለአዲስ ቅዳሙ ነጋዴ ይሸጣል፣ ጋሪውን ይጎትታል፤ ስሙም በዚህ ቤት ሁለተኛ አይነሣም። ዳማው ከቀደመ ያንቺ ነው። እንደፈለግሽ ጋልቢው።»

«በሥላሴ! ምን ዓይነት ፍርድ ነው ይኼ!» አለች እህቴ።

የሻረግ ግን «ይሁን» አለች። «ሦስት ሳምንት ይስጡኝ፤ ኮቴውን ላስተካክል፣ እግሩን ላፍታታ።» ሰጧት፤ በገመድ እየሳበች እንጂ ከዚያ ቀን በፊት እንዳትወጣበት አስጠንቅቀው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያቺ ልጅ ማለዳ እየተነሣች፣ ቀሚሷን ሰብስባ፣ ገመዱን ይዛ ከፈረሱ ጎን ጎን በሐይቁ ዙሪያ ስትሮጥ ሰው ሁሉ አበደች አላት።

ለውድድሩ ሁለት ቀን ሲቀር፣ ዓርብ ዕለት፣ የሻረግ ዳንግላ ሱቄ ድረስ መጣች። ነጠላዋን እንደተከናነበች በርጩማው ላይ ተቀመጠችና የተፈታታ ሬዲዮ ስታይ ቆይታ «አጎቴ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት» አለችኝ።

«በይ እስቲ።»

«ዳማው ሆዱ ገብቷል፣ ኮቴውም ተስተካክሏል። ትንፋሹ ግን እንደ ድሮው አይደለም። መኪናዋ በዚያች በሃያዋ ከሮጠች አይደርስባትም። ትንሿን ጥርስ ያድርጉልኝ። ማንም አያውቅም።»

«አባትሽን ላታልልልሽ?»

«አባቴን አይደለም፤ የከሰሉን ጋሪ ያታልሉልኝ» አለችና ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። «ከባሌ ቤት ስመለስ ሰው ሁሉ ዐይኑን ሰበረብኝ። እናቴ እንኳ ጎረቤት ሲመጣ ጓዳ ታስገባኝ ነበር። ያላፈረብኝ እሱ ብቻ ነው።»

በሁለት እሳት መሀል ገባሁ። በአንድ በኩል ሰውየው ከግድግዳው ፊታቸውን ያዞሩት በእኔና በዚያች መኪና ነው፤ አምነውኛል። በሌላ በኩል ይህች ልጅ። እሺም እምቢም ሳልላት ሸኘኋት። ቅዳሜ ከሰዓት ሱቁን ዘግቼ ሃያዋን አውጥቼ አሥራ ስድስቷን አስገባሁ። በዕድሜዬ ሙሉ ብዙ ነገር አበላሽቻለሁ፣ ሁሉንም ባለማወቅ ነው። አውቄ ያበላሸሁት ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ብሎኑን ሁለት ጊዜ አጥብቄ ሁለት ጊዜ ፈታሁት፤ በሦስተኛው ተውሁት።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ መንገዱ ላይ ተገናኘን። ጭጋጉ ገና ከዛፎቹ አልተነሣም። ፈረስ አስፋልት ላይ አይጋለብም፣ ኮቴው ያዳልጠዋል፤ ስለዚህ ዳማው ከመንገዱ ዳር ባለው ሣር፣ መኪናዋ በአስፋልቱ ላይ እንዲሮጡ ተስማማን። ርቀቱ አራት ምሰሶ ነው። የሪሞቱ ኃይል ሩቅ ስለማይደርስ ጋሽ ፈንታ መሀሉ ላይ፣ ከሣሩ ዳር በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ከድር የማያዳላ ስለሆነ ዳኛ ሆኖ፣ ከሱቁ የቀደደውን አቡጀዲ ይዞ መጨረሻው ላይ ቆመ። የሻረግ የአባቷን ጠባብ ሱሪ ለብሳ ነበር። ኮርቻው ላይ ስትወጣ ጋሽ ፈንታ ፊታቸውን ወደ ሌላ አዞሩ።

«እስቲ መጀመሪያ መኪናዋን ላፍታታ» አሉ። ምላጩን ሳቡ። መኪናዋ በቀጭን ድምፅ እየጮኸች ሄደች፣ ተመለሰች። አቆሟትና ወደ እኔ ዞሩ።

«ታከለ።»

«አቤት ጋሼ።»

«ይህች የባለፈው እሑዷ አይደለችም።»

«ባትሪው ቀዝቅዞ ይሆናል» አልሁ።

«ባትሪ ሲቀዘቅዝ ድምፅ ይወርዳል እንጂ አይወጣም። ይህቺ ቀልሏታል። ጭነት ያለበት ፈረስና ባዶውን የሚሮጥ ፈረስ ትንፋሹ አንድ ነው? እኔን ነው የምትሸውደኝ?» አሉ። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ሃያዋን መልሳት።»

አስፋልቱ ላይ ተንበርክኬ አሥራ ስድስቷን አወጣሁ። ወረቀቷን በመሀል አስገብቼ፣ ሃያዋን ገጥሜ፣ ብሎኑን አጠበቅሁ። የሻረግን ላለማየት አንገቴን እንዳቀረቀርሁ ነበር። የዳማውን አንገት ስትዳብስ ብቻ ይሰማኛል። በጣም አፈርሁ። ከሁለቱም አፈርሁ። እስከዛሬ ድረስ እሱን ሳስብ ፊቴ ይግላል።

መኪናዋን መነሻው ምሰሶ አጠገብ አስቀምጬ ወደ ጋሽ ፈንታ ተመለስሁ። የሻረግ ዳማውን ወደ ታች ወስዳ አዞረችው። ስምምነቱ ፈረሱ እየጋለበ መጥቶ የመጀመሪያውን ምሰሶ ሲያልፍ ምላጩ እንዲሳብ ነው። መጣች። ከጭጋጉ ውስጥ መጀመሪያ ድምፁ ነው የተሰማው፤ ቀጥሎ የዳማው ደረት። ምሰሶውን አለፈ፤ ጋሽ ፈንታ ሳቡት። መኪናዋ መጀመሪያ ወደ ኋላ ቀረች፣ ከዚያ ዲናሞው ጉልበት አገኘና እየወፈረ የሚሄድ ድምፅ እያሰማች ተወረወረች። ሁለተኛው ምሰሶ ላይ ስትደርስ እኩል ሆኑ። ከዚያ ቀደመችው። በአንድ ፈረስ ቁመት ቀደመችው። ኦ አምላኬ፣ የሠራሁት ዕቃ እንዲሸነፍ የለመንሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ጋሽ ፈንታ ሪሞቱ ላይ ጎንበስ ብለው፣ ዐይናቸውን መኪናዋ ላይ ተክለው፣ ከንፈራቸውን ነክሰዋል። የከሰሉ ጋሪ ታየኝ።

መኪናዋ ፊታችንን አልፋ ሄደች። ወዲያው ዳማው ደረሰ። ሣሩ በእኛ በኩል ስለነበር ሦስት እርምጃ በማይሞላ ርቀት ነው ያለፈው፤ መሬቱ እግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ፣ ከኮቴው የተፈናቀለ አፈር ጋቢያቸው ላይ ተረጨ። ጋሽ ፈንታ ቀና አሉ። አንገቱ ተዘርግቷል፣ ጋማው ወደ ኋላ ተበትኗል፣ አራቱም እግሮቹ ከመሬት የሚለቁባት ቅጽበት አለች፤ እሷን አዩ። አፋቸው ተከፈተ። በአገውኛ አንድ ነገር ጮኸው ተናገሩ፤ ምን እንደሆነ አልሰማሁትም። ሪሞቱን የያዘው እጃቸው ቀስ ብሎ ጭናቸው ላይ ወረደ።

የሚነዳት ያጣችው መኪና ጥቂት ቀጥ ብላ ሄደች፣ ወደ ግራ አዘነበለች፣ ከአስፋልቱ ወጥታ ቦይ ውስጥ ገባች። ስትሰበር ጮኸች። ከድር አቡጀዲውን ለዳማው ብቻ አወናጨፈ።

«ጋሼ፣ መኪናዋ!» አልኋቸው።

«የምን መኪና?» አሉ፤ ዐይናቸው ከፈረሱ ጀርባ አልተነቀለም። እንባቸው በጉንጫቸው ይወርድ ነበር፣ ሊጠርጉት እንኳ አልሞከሩም። «ታከለ፣ አሥራ አንድ ዓመት ጋለብሁት። ከአንገቱና ከሁለት ጆሮው በቀር ያየሁት ነገር የለም። ሲሮጥ እንዲህ መሆኑን ማን ነገረኝ?»

ከድር እየሮጠ መጣ፤ «ያልደረሰ አይቀድምም! ወላሂ ዳማው ነው!» እያለ። የሻረግ ግን ጋማው ላይ ተደፍታ ስለጋለበች፣ ከሩቅ ዞራ ስትመለስም መኪናዋ ምን እንደሆነች አላየችም። ሁለተኛው ምሰሶ ላይ መቀደሟን ብቻ ነው የምታውቀው። ልጓሙን ሳብ አድርጋ አባቷ ፊት ቆመች፣ ፊቷ አመድ መስሏል። የተፈረደባት መስሏት አንድ እግሯን ከእርካቡ አወጣች።

«አትውረጂ» አሏት።

እግሯን እንዳንጠለጠለች ቀረች። እኔን አየች፣ ከድርን አየች፣ መልሳ አባቷን አየች። ጋሽ ፈንታ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ብድግ አሉ፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው የጠዋቱ ፀሐይ ላይ ዐይናቸውን በእሱ ጋረዱና መንገዱን ወደ ታች አሳዩዋት።

«መልሰሽ አምጪው» አሏት። «በደንብ አላየሁትም።»